ከቀዩ በታች

ማስታወቂያ አምጪው ሻርፕ ፍላሹን በሁለት ጣቱ ይዞ ዘረጋ።

«ማስታወቂያዋ እዚህ ውስጥ አለች። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ ትግባ። እንደ ባለፈው እንዳትሰነጣጠቅብኝ!»

ዲጄ ጭራሮ ተቀበለው። እንደ ቅጽል ስሙ ቀጭን ነው፤ ንፋስ ቢመጣ ሚክሰሩን አቅፎ ካልሆነ የማይተርፍ። «ሐሳብ አይግባህ አለቃ፣ ዛሬ ሐኪም አምጥቻለሁ» አለና ጠረጴዛው ሥር የተንበረከከውን ሰውዬ በአገጩ ጠቆመ።

ሰውዬው ኬብል እየጎተተ ነበር። ለጭራሮ የድምፅ ቴክኒሻን ነው። ለስለላ መሥሪያ ቤቱ «ሽቦ» ነው። ለራሱ ምን እንደሆነ ካሰበበት ቆይቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው የምስጢር ሠራተኞችን ስም ለባዕድ ይሸጣል። ስሞቹ የሚወጡት ደግሞ በጭራሮ ሙዚቃ ነው። ልጁ በየሳምንቱ ከቤቱ ኮምፒውተር ላይ ዘፈን ከዘፈን እያገናኘ ይቀዳና ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። ሻርፕ መሀል ላይ ማስታወቂያ ያስገባል፤ ከማስታወቂያዋ ሥር ጆሮ የማይለየው መልእክት ተሸጉጧል። ችግሩ የጭራሮ ቅጂ እየተንኮሻኮሸ መውጣቱ ነው። መልእክቱን ማንም ሊፈታው አልቻለም።

«ድምፁን አጥራልኝ፣ ቅጂውን አምጣ» ብለውት ነበር አለቃው ጋሼ።

«ልጁስ?»

«ልጁ ምን ያውቃል! አንድ ፀጉሩ አይነካም። ተግባባን?»

ጋሼ ትእዛዝ የሚዘጉት በዚህች ቃል ነው። ከዚያ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ።

ሽቦ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለ። «በሽታህን አገኘሁት። የሚክሰሩን ኬብል የማይክ ቀዳዳ ላይ ሰክተኸዋል። እሱ ለደካማ ድምፅ የተሠራ ነው፤ አንተ ጩኸት ትግተዋለህ።»

«ከገባ ምን አለበት ብዬ ነዋ!»

«ያንተ ሰማያዊው ቀዳዳ ነው። ደግሞ ይህቺን መብራት እያት። ቀይ ካበራች ድምፁ ተቆርጧል፤ በኋላ ብታለቅስም አይመለስም። ሁልጊዜ ከቀዩ በታች።»

«እኔ እኮ ሞቅ እንዲል ብዬ ነው።»

«ሞቅታውን ለሰሚው ተወው። ከፈለገ ቤቱ ይጨምር!»

ጭራሮ ሳቀ። እናቱ ሻይ ይዘው ገቡ። ብርጭቆውን በቀጥታ ሽቦ እጅ ላይ አስቀመጡት።

«ጠጣ የኔ ልጅ። ይሄ ልጅ ከሰው አይገጥምም ነበር፤ አንተን ግን ባንድ ቀን ወዶሃል። እንደ ታላቅ ወንድም ሁነው። አደራ!»

«እሺ እማማ» አለ። ስንት ቤት ገብቶ ስንት ሻይ ጠጥቶ ያውቃል፤ አደራ የተባለው ግን ዛሬ ነው።

ቀረጻው ተጀመረ። መብራቷ አረንጓዴ ላይ ትጨፍራለች። ሽቦ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ ደፋ። ድምፁ ወለል ብሎ ገባለት።

ጭራሮ አንድ ክፉ ልማድ አለው። ዘፈን መሀል «እጅ ወደ ላይ!» ብሎ መጮህ ስለሚወድ ማይኩን ዘግቶ አያውቅም። ማይኩ አሁንም እንደተከፈተ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተጋድሟል፤ ድምፁ የሚገባው በስፒከሮቹ ሳይሆን ወደ ቅጂውና ወደ ሄድፎኑ ብቻ ነው፤ ሻርፕ ክርኑን አጠገቡ አስደግፏል። ሽቦ ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

የሻርፕ ስልክ ጠራ።

ስፒከሮቹ ግድግዳውን ያንቀጠቅጡታል። ሻርፕ አልሰማ ሲለው የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተና ወደ ጆሮው አስጠጋው። በዚህ ጩኸት ማን ይሰማኛል ብሎ!

ሽቦ እጁን መለሰ።

ዘፈኑ ረገብ አለ።

«ጥርት ብሎ እየገባ ነው» አለ ሻርፕ ሄድፎኑ ውስጥ።

«ጎሽ» አለ ከስልኩ የወጣው ድምፅ። «ነገ ጠዋት ልጁን አስይዘዋለሁ። ጥፋቱ ሁሉ እሱ ላይ ያልቃል። አንተ ከከተማ ውጣ። ተግባባን?»

ጠቅ ጠቅ።

ሽቦ ያቺን ቃልና ያቺን ጠቅታ ያውቃታል።

ጋሼ!

ለካ መልእክቱን መፍታት ያቃተው ገዢውም ነበር። ሻጩ ጠጋኝ ፈለገ፤ የገዛ ሠራተኛውን ላከ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሽቦ ሰውዬውን በልቡ «አንቱ» ማለት ተወ።

ቀና ሲል ሻርፕ አፍጥጦበታል።

«ምን ሰማህ?»

ሽቦ ሄድፎኑን ከአንድ ጆሮው ገለጥ አደረገ።

«ቤዙን። በዝቷል፣ ልቀንሰው?»

ሻርፕ ትንሽ አየው። «ቀንሰው» አለ።

ሻርፕ እንደወጣ ሽቦ ሙሉውን ቅጂ በራሱ ፍላሽ ገለበጠ። ኢንተርኔት ላይ ከሚወጣው ላይ የስልኩን ወሬ ቆርጦ ጣለ፤ ማስታወቂያዋን ብቻ መልእክቱ እንዳይፈታ መልሶ ቀዩ ውስጥ ነከራት። ስሞቹ ተረፉ። ልጁስ?

በዚያው ከሰዓት ከጋሼ በላይ ያለችውን ተቆጣጣሪ መነጽር ቤት አገኛት። መስታወት ፊት ቆማ መነጽር ትለካለች። ፍላሹን የመነጽር ማኅደር ውስጥ አድርጎ አቀበላት።

«የጋሼ ድምፅ ነው።»

«ድምፅ ብቻ አይበቃም፤ ይክዳል። ነገ ልጁን በሐሰት ማስረጃ ሲያስይዝ ነው እጅ ከፍንጅ የምንይዘው።»

«ልጁን ላስጠንቅቀው።»

«ልጁ ከሸሸ ጋሼም ይሸሻል። ጋሼ ካመለጠ ስንቱ ይሞታል? እስከ ማታ አስፈታዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ጋሼም ቃሉን ሰጥቶት ነበር። ሽቦ ይህን እያወቀ ተስማምቶ ወጣ።

መንገድ ላይ ጭራሮ ደወለ። «ወንድሜ! ሰው ሁሉ እየደወለልኝ ነው፣ ድምፁ ጠራ እያሉ! ነገ ምሳ እኛ ጋ ነህ። እናቴ እምቢታ አልሰማም ብላለች።»

ሽሽ። ጥፋ። አሁኑኑ ከዚያ ቤት ውጣ። ይህን ማለት ነበረበት።

«እመጣለሁ» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ከጭራሮ ቤት ፊት ለፊት ያለው ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የጋሼ ሰዎች መኪና መጣች። ጭራሮን ሲያወጡት ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ነበር። እናቱ አንድ ጫማ ብቻ አድርገው ተከትለው ሮጡ፤ ዞር ሲሉ በመስኮቱ መስታወት በኩል አዩት።

«አንተ! የኔ ልጅ! ንገራቸው እንጂ!»

ሽቦ ፊቱን አዞረ።

«ያውቁሃል እንዴ?» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ኧረ ተሳስተው ነው።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ በሆዱ። መሬት ግን አልተከፈተችም። ፀጉሩን ተቆርጦ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጋሼ የሐሰት ማስረጃው ላይ ሲፈርም ተያዘ። ሻርፕ ከከተማ ሳይወጣ ተለቀመ። ሥራው ተሳካ። ጭራሮም እንደተባለው ማታውኑ ተፈታ።

ተቆጣጣሪዋ በሳምንቱ እዚያው መነጽር ቤት ቀጠረችው። ዓይኑን አላየችውም።

«ጠዋት ላይ የጋሼ መርማሪዎች ቀድመውኝ ደረሱ። በጥፊ መትተውታል። ግራ ጆሮው ከእንግዲህ አይሰማም።»

«ቃልዎስ?»

«እስከ ማታ አስፈታዋለሁ አልኩ። አስፈታሁት።»

«ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው።»

«ማን ሆነህ? እንደዚያ የሚባል ቴክኒሻን የለም።»

ወራት አለፉ። ሽቦ ሌላ ስም፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሙያ ተሰጠው። ጢም አሳደገ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጦ ዜና እየሰማ ነበር። ዜናው ሲያልቅ ሹፌሩ ሙዚቃ ከፈተ።

«እጅ ወደ ላይ!»

ጭራሮ ነው። ሽቦ አይዞህ፣ ተመልሶ እየሠራ ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሲል ሰማው። በቀኝ በኩል ጥርት ያለ ነው። በግራ በኩል ይሰነጣጠቃል፣ ይንኮሻኮሻል።

ሹፌሩ ስፒከሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይሄ ደግሞ ሞተ መሰለኝ!»

ስፒከሩ አልሞተም። አሁን ዜናውን አጥርቶ ሲያወራ ነበር። ልጁ ነው፤ በግራ በኩል አልሰማ እያለው ድምፁን እየጨመረ፣ እየጨመረ ቀዩ ውስጥ ከቶታል። አንዲት ቁልፍ ናት። ሽቦ ቢሄድ ሻይ ሳይቀርብለት አስተካክሎለት ይወጣ ነበር።

ሹፌሩ እንደገና መታው። «ጠጋኝ የት ይገኛል ብለህ ነው!»

«ወራጅ አለ» አለ ሽቦ።

ሰፈሩ ገና ሩቅ ነበር። ወርዶ በእግሩ ሄደ።