ከጉልበታቸው ሥር የተገኙት ትራሶች

ጋሽ አበጀ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው እንደተንጋለሉ ሞተው ተገኙ። ያገኟቸው ሚስታቸው እትዬ ብሩክታይት ናቸው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከሥራ ገብተው ከበሩ ጀምሮ ቢጣሩ መልስ የለም።

አስታማሚያቸው ሸዋዓለም ስልክ ሲደወልላት ከሪቨርዴል ፓርክ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታስር ከንፋ መጣች። ልታለቅስ ነበር የመጣችው። ልቅሶው ይቅርና፣ ገና እግሯ ሳሎን ሲገባ የሟቹ ወንድም መጋቢ ወንድሜነህ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«መጨረሻ የነካችው እሷ ናት! ጠዋት መድኃኒት ሰጥታው የወጣችው እሷ ናት!»

ወይ ጉድ! ሁለት ዓመት ሙሉ ሰውየውን ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ሲተክዙ ያሳቀች ሴት ናት እኮ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። የቀጠራት ድርጅት ደግሞ «እስኪጣራ ሥራ እንዳትገቢ» የሚል ቴክስት ልኮላታል። ልጇ ሂዊ አዲስ አበባ ሆና ቪዛ እየጠበቀች ነው። በሰው ነፍስ የተጠረጠረች እናት በየትኛው አፏ ልጄን አምጡልኝ ትላለች? ሸዋዓለም ደረጃው ላይ ዘጭ አለች።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ልጅ» የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤት ጠራት።

ድንገተኛ ሞት ሲያጋጥም አስከሬን የምታየው የመንግሥት መርማሪ ናት፤ ልሳነወርቅ ትባላለች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ዐይኗ የማያርፍ ሴት ናት።

«ጠዋት እንዴት አድርገሽ ነው ትተሻቸው የወጣሽው?»

«ሦስቱን ትራስ ከጀርባቸው ደግፌ፣ ቀና አድርጌ። ልባቸው ደካማ ናት፣ እትዬ። ደሙን ገፍታ ማዳረስ ሲያቅታት ወደ ሳንባ ይመለስና ውሃ ይቋጥራል። በጀርባቸው ዝርግ ብለው ከተኙ እንደሰጠመ ሰው ነው የሚሆኑት።»

«ትራሶቹ አሁን የት ናቸው?»

ሸዋዓለም እስከዚያች ሰዓት አልጋውን ደፍራ አላየችም ነበር። አየች። አንዱ ትራስ ከራሳቸው ሥር ነው፤ ሁለቱ ከጉልበታቸው ሥር።

«ኧረ እኔ እንዲህ አላደረግሁም! በልጄ!»

«በልጅሽ አትማዪ፤ ዝም ብለሽ እዪ።»

ልሳነወርቅ ብርድ ልብሱን ገለጠችና ሁለቱን ትራሶች ሳበቻቸው። የጋሽ አበጀ ጉልበቶች አልወረዱም፤ እንደታጠፉ ቀሩ። ሸዋዓለም አፏን ያዘች። መርማሪዋ የእጅና የእግር ጣቶቻቸውን አየች፤ ጥፍሮቻቸው ሥር እንደ ቀይ ሥር ጠቁሯል። ፖሊሱን ጠርታ ገለበጧቸው። ጀርባቸው ላይ እንዲያ ያለ ነገር የለም። ከጭናቸው በስተኋላ ግን ቀጥ ያለ፣ የነጣ መስመር ተጋድሟል።

«እዚህ ቤት የብረት ወንበር አለ?»

«የለም። ሁሉም ሶፋ ነው።»

«እህ» አለች ልሳነወርቅ፤ ብርድ ልብሱንም መልሳ አለበሰቻቸው።

ቀጥሎ የተጠየቀው ልጃቸው ምናሴ ነው። አሜሪካ ያደገ፣ ክሪስታል ሲቲ ለብቻው የሚኖር ልጅ ነው። ልሳነወርቅ ኩሽና ውስጥ ስታነጋግረው ሸዋዓለም ወደ ደረጃው ተመልሳ ሁሉንም ትሰማለች።

«ዛሬ የት ዋልክ?»

«ሆም። አፓርታማዬ። ስሊፕ አድርጌ ዋልኩ።»

«አባትህ ምን አገኛቸው ትላለህ?»

«አይ ዶንት ኖው። አጎቴ… የሸዋዬ መድኃኒት ነው ይላል።»

«አንተስ?»

ምናሴ ተነሥቶ ወጣ። ሲወጣ ሸዋዓለምን በአጠገቧ አለፋት፤ ቀና ብሎ አላያትም። ስንት ቀን ከአንድ ትሪ አብረው በልተዋል።

መጋቢ ወንድሜነህ ግን ሳይጠየቁ ነው የጀመሩት። ድምፃቸው ሰልሏል።

«እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ነበርኩ። የጾም ጸሎት ነበረን። ከጠዋት ጀምሮ ከአዳራሹ አልወጣሁም፤ ምእመኑ ሁሉ ምስክሬ ነው!»

«ወንድምዎ አልመጡም?»

«በሽተኛ ሰው እንዴት ብሎ ይመጣል?»

«ልክ ነዎት። አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎ። ሰው በጸሎት መሐል ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ብዙ ሰዓት ቢቆይ ይቀሰቅሱታል?»

«ምን ማለትሽ ነው! ከጌታው ጋር የሚነጋገርን ሰው ማን ይነካል? ነውር ነው!»

«ወንበራችሁስ የእንጨት ነው?»

«ታጣፊ…» አሉ መጋቢው። «የብረት። ይሄ ደግሞ ምን አገናኘው?»

ልሳነወርቅ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። እትዬ ብሩክታይት የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንኳ አላወለቁም። ሸዋዓለም ጥግ ላይ ቆመች። ዕጣዋ በዚህች ሴትዮ አፍ ላይ ነው።

«የሟቹ ደም ራሱ ይመስክር» ብላ ልሳነወርቅ ጀመረች። «ልብ ባለ አራት ክፍል ናት። ቀኟ ያገለገለውን ደም ተቀብላ ወደ ሳንባ ትልካለች፤ ግራዋ የታደሰውን ተቀብላ እስከ እግር ጥፍር ትገፋለች። ደሙ ወደኋላ እንዳይመለስ በየመሐሉ የሚዘጉ በሮች አሏት። እሷ ስትቆም ግን የሚገፋው የለም፤ ደም እንደማንኛውም ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። አልጋው ላይ የሞተ ሰው ደሙ ጀርባው ላይ ይተኛል። የጋሽ አበጀ እጅና እግራቸው ላይ ነው ያለው።»

«ተቀምጦ ነው የሞተው?» አሉ እትዬ ብሩክታይት።

«ተቀምጠው ሞቱ፤ ሞተውም ለብዙ ሰዓት ተቀመጡ። ጉልበታቸው በዚያው ደረቀ። ያመጣቸው ሰው አልዘረጋለት ሲል ትራሱን ከጀርባቸው ወስዶ ከጉልበታቸው ሥር ወሸቀ። ሸዋዓለም ብትሆን፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ በጀርባቸው አያስተኟቸውም። አተኛኘታቸውን የማያውቅ ሰው ሥራ ነው። ጭናቸው ላይ ያለው መስመር የብረት ወንበር ጠርዝ ተጭኖት ደም ያልገባበት ቦታ ነው። እዚህ ቤት የብረት ወንበር የለም። እስቲ ንገሩኝ፤ ሰው ሞቶ ወንበር ላይ ሲውል፣ መቶ ሰው ከቦት ማንም የማይነካው የት ነው?»

መጋቢው ወደ ምናሴ አዩ። ምናሴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ኢናፍ፣ ይበቃል፣ አጎቴ! እኔ ነኝ በመኪና የወሰድኩት። ለፈውስ ጸሎት። እንዲድን ብዬ ነው!» ወደ ልሳነወርቅ ዞረ። «ረፋድ ላይ እጄን ጨበጠኝና ‹ምናሴ፣ ልቤ› አለኝ። ናይን ዋን ዋን ኮል ላደርግ፣ አምቡላንስ ልጠራ ስልኬን አወጣሁ። አጎቴ ‹መንፈስ እየሠራ ነው፣ አትንካው› አለኝ። ከዚያ ዳድ ጸጥ አለ። አጎቴ መድረክ ላይ ወጥቶ ‹እዩት፣ ትንፋሹ እንዴት እንደረጋ! ወንድሜ ተፈውሷል!› አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም… እኔም አጨበጨብኩ።»

«አላወቅሁም!» አሉ መጋቢው፤ በቁማቸው አረጁ። «ሰዉ ከተበተነ በኋላ እጁን ስይዘው ነው ያወቅሁት። ምናሴ በመኪናው መለሰን፤ አልጋው ላይ ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ተፈውሷል ብዬ… ሕዝቡ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

«ሕዝቡን ሲያፍሩ ይቺን ሴት አላፈሯትም» አለች ልሳነወርቅ።

«አንተ ወንድሜነህ!» ብለው እትዬ ብሩክታይት ደረታቸውን መቱ። «በባሌ ሬሳ ላይ አስጨበጨብክ?»

ፖሊሱ መጋቢውን ይዞ ሲወጣ፣ ሸዋዓለምን መሄድ እንደምትችል ነገራት። በቃ፣ ነፃ ናት። ሂዊም ትመጣለች። ደስታው ግን እንቢ አላት። ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ምናሴ እጅጌዋን ያዛት።

«ሸዋዬ፣ ፕሊስ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ ደውዬ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

ሸዋዓለም መልሱን ታውቀዋለች። እጅ ጨብጦ፣ ስም ጠርቶ «ልቤ» ያለ ሰው ልቡ ገና አልቆመችም። አምቡላንስ ከዚህ የባሰውንም ስንቱን አትርፏል። ይህ ልጅ ደግሞ ቀና ብሎ ሳያያት ለፖሊስ አሳልፎ የሰጣት ነው። አንዲት «አዎ» ዕድሜ ልኩን ትበቃው ነበር።

«አይ ልጄ» አለች። «ያኔ ልባቸው አብቅቶላት ነበር። ብትደውልም አይደርሱላቸውም።»

ልሳነወርቅ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። ቀና አለች። በዚያች ቤት የተነገረውን ውሸት ሁሉ አንድ በአንድ የለቀመች ሴት ናት። ሸዋዓለምን ትክ ብላ አየቻትና ጓንቷን ማውለቋን ቀጠለች።