ዝም የሚል ኮምፒውተር

«ዝም በሉ!» አለች የብሎን እናት ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

ሁለቱ ልጆች፣ ብሎንና ሬዲዮ፣ ከንፈራቸውን ገጠሙ። ዝም ያላለው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር፤ ከጠረጴዛው ሥር እንደ ወፍጮ ያጓራል። እናቷ ራሷን፣ ማይክሮፎኑንና የሰባተኛ ክፍሉን የሳይንስ መጽሐፍ በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍና በእጅ ባትሪ ብርሃን ማንበብ ጀመረች። ሁለት ገጽ ሳትጨርስ ብርድ ልብሱን ገልባ ወጣች። ፊቷ በላብ ተጠምቋል፤ ፀጉሯ ቆሟል።

«ከዚህ በላይ ከቆየሁ እበስላለሁ» አለች።

እናቷ ለዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጻሕፍትን በድምፅ ታነባለች። ባለፈው ሳምንት የላከቻቸው አራት ምዕራፎች ተመልሰውባታል። የትምህርት ቤቱ መምህር ጨዋ ሰው ስለሆነ ነገሩን በስልክ ሲነግራት እየተሽኮረመመ ነበር። «ንባብዎ ግሩም ነው። ብቻ ልጆቹ፣ አንባቢዋ አውሮፕላን ውስጥ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

ብሎን ይህን ስትሰማ ሳቀች። የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

ብሎን የተባለችው ከኪሷ ብሎን ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤቱን ዕቃ ስትፈታ ኖራለች፤ አንዳንዱንም መልሳ ገጥማለች። ሬዲዮ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ለምን ሬዲዮ እንደተባለች፣ አምስት ደቂቃ አብሯት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ብሎን የኮምፒውተሩን ጎን በካቻቪቴ ከፈተች። «የሚጮኹት ማራገቢያዎቹ ናቸው። ትንንሽ ስለሆኑ ሙቀቱን ለማስወጣት እንደ እብድ ይሽከረከራሉ።»

በማግስቱ ሁለቱ ልጆች ወደ ብሎን አጎት ጋራዥ ሄዱ። የእናቷ ወንድም ራዲያተር ጠጋኝ ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማቸውና ጥያቄ ጠየቃቸው።

«የመኪና ሞተር በምንድን ነው የሚቀዘቅዘው?»

«በውሃ» አለች ብሎን።

«ታዲያ የእናንተ ሳጥን ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው በነፋስ ብቻ የሚኖረው?»

ከአንድ አሮጌ መኪና ማሞቂያ ያወጣትን፣ መጽሐፍ የምታክል የመዳብ ራዲያተር አጥቦ ሰጣቸው። በጣም በሚግለው የኮምፒውተሩ አንጎል፣ በፕሮሰሰሩ ላይ የምትቀመጠውን፣ ውሃ በውስጧ የሚያልፍባትን ትንሽ የመዳብ ሳጥንም ራሱ በየደ። ብሎን ከጋራዡ ጥግ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ራዲያተር አንስታ «ይሄ አይሻልም?» ብትለው ራሱን ነቀነቀ።

«መዳብና አሉሚኒየም አንድ ውሃ እየጠጡ አይኖሩም። ይበላላሉ።»

«እንደኔና እንደ ወንድሜ» አለች ሬዲዮ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ሥራቸው ይህ ሆነ። ፓምፑን ከዓሣ ገንዳ ሻጭ አገኙ፤ ንዝረቱ ወደ ሳጥኑ እንዳይተላለፍም ሬዲዮ ከአሮጌ ፍራሽ የቆረጠችው ስፖንጅ ላይ አስቀመጡት። ጯኺዎቹ ትንንሽ ማራገቢያዎች ተነሥተው፣ ረጋ ብሎ የሚዞር አንድ ትልቅ ማራገቢያ ራዲያተሯ ላይ ታሰረ። ለረጅም ቅጂ የኮምፒውተሩ ሚሞሪ ሲያንስም ሬዲዮ ከራሷ ኮምፒውተር ነቅላ አመጣች።

«እስከ ፈተና ጌም አልጫወትም ብዬ ምያለሁ። ሚሞሪ ከሌለኝ መሐላዬ ይጸናል» አለች።

አጎቷ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ሁሉንም ዞሮ አየ። ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ሞሉበት። «አሁን ኮምፒውተሩን እንዳታበሩት» አለ። «ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ፓምፑ ብቻውን ሃያ አራት ሰዓት ይዙር። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት አንጥፉ። ቀን ቀን በየሰዓቱ እያያችሁ ጻፉ። ውሃ ተንኮለኛ ነው፤ እስኪሞቅና የጎማው ቱቦ እስኪለሰልስ ጠብቆ ነው የሚወጣው።»

ቅዳሜ እስከ ስምንት ሰዓት ሬዲዮ ጠበቀች። እያንዳንዱን ሰዓት በሚያምር ጽሑፍ «ደረቅ» ብላ መዘገበችና ተራውን ለብሎን ትታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የሰፈር ልጆች በመስኮት ተጣሩ፤ ለመረብ ኳስ አንድ ሰው ጎድሏቸዋል። እናቷ ገበያ ነበረች። ፓምፑን ያለ ጠባቂ ትቶ መውጣት አይፈቀድም። ብሎን አሰበች፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠብታ ያልታየበት ነገር አሁን ምን ይሆናል? ሶኬቱን ነቅላ ወጣች። ከመሸ በኋላ ስትመለስ ደክሟት ነበርና መሰካቱን ረሳችው። እሁድ ጠዋት ስትነቃ ትዝ አላት። በድንጋጤ ሰክታ እስክሪብቶ አነሣችና «ደረቅ፣ ደረቅ፣ ደረቅ» እያለች ወረቀቱን ሞላች።

በሁለት ሰዓት ሁሉም ተሰበሰቡ። ሰኞ ምዕራፎቹ መድረስ ስላለባቸው እናቷ መጽሐፏን ታቅፋ ቆማለች። አጎቷ የተወለወለ ጫማ አድርጎ መጥቷል። ሬዲዮ ወረቀቱን እንደ ዜና ጮክ ብላ አነበበችና ብሎንን ወደ ማብሪያው ገፋ አደረገቻት።

«በይ አንቺ አብሪው። ሃሳቡ ያንቺ ነው።»

ብሎን ጣቷን ማብሪያው ላይ አደረገች። በመስታወቱ ጎን በኩል የሬዲዮ ሚሞሪ ይታያታል። ከበላዩ ውሃ የሞላ ቱቦ ያልፋል። ጣቷ አልታዘዝ አላት።

«አልተፈተነም» አለች።

«ምን?» አለች ሬዲዮ።

«ትናንት ነቅዬው ኳስ ልጫወት ወጣሁ። የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነው።»

ሬዲዮ ዝም አለች። ብሎን እንዲህ ዝም ስትል አይታት አታውቅም፤ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። እናቷ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አጎቷ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«የኔ ሚሞሪ ውስጡ ነው እኮ» አለች ሬዲዮ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ጣቴ እምቢ ያለው።»

ሬዲዮ ወደ መስኮቱ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከዚያ ዞር ሳትል «ማን አሸነፈ?» አለች።

«ተሸነፍን። በሰፊው።»

«ደግ አደረጉ!» አለች ሬዲዮ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ብሎን የምታለቅስ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀች ነበር። «በይ ወረቀቱን ቀይሪው። ከዜሮ እንጀምራለን። አሁን ግን አብሬሽ ነው የምቀመጠው፣ አላምንሽማ።»

እናቷ ለመምህሩ ደውላ የሁለት ቀን ጊዜ ለመነች። ሁለቱ ልጆች መሬት ላይ ተዘርግተው ለፈተና እየተጠያየቁ፣ በየሰዓቱ እየተንበረከኩ ወረቀቶቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ደረቅ። ደረቅ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብሎን ጣቷን ቀዘቀዛት።

«ያፈሳል!» ብላ ዘለለች። «ሬዲዮ፣ ያፈሳል!»

«እልልል!» ሬዲዮ ተነሥታ አቀፈቻት። እናቷ ማማሰያዋን እንደያዘች ሮጣ ስትገባ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጨፍሩ አገኘቻቸው።

«ተሳካ እንዴ?»

«የለም እማዬ፣ ያፈሳል!»

እናቷ አንዴ እነሱን፣ አንዴ ሳጥኑን አየች። «እኔ የወለድኳት ልጅ ጤነኛ ነበረች» ብላ ወደ ወጥ ቤቷ ተመለሰች።

ሳንቲም የምታክል እርጥበት ናት፤ ከሚሞሪው የራቀችው በአንድ ጣት ብቻ ነበር። ጠዋት አብርተውት ቢሆን ኖሮ ሚሞሪው ይቃጠል ነበር። አጎቷ መጥቶ ቱቦውን ሲያየው አፉ ተንሻፎ ተቆርጧል። የቆረጠችው ብሎን ናት። አሁን ቀጥ አድርጋ እንደገና ቆረጠችው፤ አጎቷ ቱቦውን የሚያንቀውን ፋሼታ ሰጣትና ራሷ አጠበቀችው። ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ተቆጠረ። ሰኞ እነሱ ትምህርት ቤት ሲሆኑ እናቷ ጠበቀች፤ መዝገቡ ላይም «ደረቅ፣ ግን ሆዴ ፈርቷል» ብላ ጻፈች።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አጎቷ ከሥራ እንደመጣ፣ ብሎን ማብሪያውን ተጫነች።

ምንም አልተሰማም።

እናቷ የልጇን ትከሻ ዳበሰች። «አይዞሽ የኔ ልጅ። ያለ ነው፤ በአንዴ አይሠራም።»

«እማዬ፣ በርቷል እኮ።»

ስክሪኑ በራ። አራቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡ። ውሃው በቱቦው ውስጥ ይዞራል፤ ማራገቢያው ዝግ ብሎ ይሽከረከራል፤ ድምፅ ግን የለም። በክፍሉ ውስጥ የምትሰማው አንዲት ቀጭን ፉጨት ብቻ ናት።

«ያቺ ፉጨት ምንድን ናት? ፓምፑ ነው?» አለች ብሎን ደንግጣ።

ሬዲዮ ጆሮዋን ወዲህ ወዲያ አድርጋ ፈለገች። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። የአጎቷ አፍንጫ ነበር።

አጎቷን ከነፉጨቱ ወደ ደጅ አስወጡት። እናቷ ያለ ብርድ ልብስ፣ ቀጥ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እጅግ እስኪመሽ አነበበች። ሬዲዮም ሙሉ ምዕራፍ ሲነበብ ቃል ሳትተነፍስ ቆየች፤ ሲያልቅ ግን «ሞቼ ነበር!» ብላ ጮኸች።

ሐሙስ ስልክ ተደወለ። እናቷ ትንሽ አዳምጣ ስልኩን ለብሎን አቀበለቻት። «አንቺን ነው የምትፈልገው።»

«ኮምፒውተሩን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለች አንዲት ልጅ። «እኔ እዚህ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። የኛም ኮምፒውተሮች ያነቡልናል፤ ግን ራሳቸው ስለሚጮኹ አንሰማቸውም። አሠራሩን ብትነግሪን እኛው እንሞክረው ነበር። እጃችን እንደሁ ቀልጣፋ ነው።»

«በደስታ! ሥዕሉን ሠርቼ...» ብሎን ምላሷን ነከሰች።

ልጅቷ ከልቧ ሳቀች። «ሥዕሉን እንኳ ለራስሽ አስቀሪው።»

ብሎንም ሳቀች፤ ጆሮዋ ግን ግሎ ነበር። መልሳ እንደምትደውል ነግራት ስልኩን ዘጋችና ኮምፒውተሩ ፊት ተንበረከከች። አጥፍታ ጎኑን ከፈተችው። አጠገቧ የነበረችውን ሬዲዮን የስልኩን መቅጃ እንድትይዝላት ጠየቀቻት።

«ምን ልትይ ነው?» አለች ሬዲዮ።

«ሁሉንም። ተንሻፎ የተቆረጠውንም፣ የነቀልኩትንም።»

ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ወደ ሳጥኑ ውስጥ ሰደደችና በጣቷ የመጀመሪያውን ቱቦ ፈለገች።