ውሃ የጠማት ጀልባ

ጀልባዋ ፀሐይ አይታ አታውቅም ነበር። ሮይ የሠራት አውስትራሊያ በረሃ፣ ኩበር ፒዲ ውስጥ፣ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ባለቀበት የቁፋሮ ዋሻው ነው፤ ባሕሩ ከዚያ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። የቀባት የመጨረሻ ቀለም ሳይደርቅ ልቡ ቆመ። ሚስቱ ሙሪየል ስታለቅስ ያያት ሰው የለም። በበጋው አጋማሽ ግን የሟቹን ወንድም ክላይቭን ጠርታ፣ «ጀልባዋን ባሕር ላይ ላወርዳት ነው። መንዳቱን ካገዝከኝ ና፤ ካልሆነም ብቻዬን እሄዳለሁ» አለችው።

ንጋት ላይ ጀልባዋን ተሳቢው ላይ አስረው ሲያወጧት ነፋሱ ከወዲሁ ይጋረፋል። ሙሪየል ሳንቃዎቹ ላይ ጆንያ ደረበችና ከጀሪካን ውሃ አርከፈከፈችበት።

«ጀልባ ውሃ ስታጠጪ ሰው እንዳያይሽ» አለ ክላይቭ።

«ሳንቃው ከደረቀ መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል።»

«እኛስ ስንደርቅ?»

«ያንተ አፍ ሳይደርቅም ክፍት ነው። ንዳ።»

ከቀትር በፊት ከምዕራብ በኩል ቀይ ግድግዳ ተነሣ። ክላይቭ መስኮቱን ዘግቶ ሳይጨርስ አቧራው ዋጣቸው። መኪናው ተወዛወዘ፣ ጠጠር ብርጭቆውን ቀጠቀጠው፣ ቀኑ እንደ ምሽት ጨለመ። ሲገለጥ ሙሪየል ወርዳ ጆንያዎቹን በእጇ ዳሰሰች። እንደ ቆርቆሮ ደርቀዋል። እንደገና አራሰቻቸው።

ነዳጅ ሊቀዱ ሲቆሙ ባክስተር የሚባለው የማደያው ባለቤት ጀልባዋን ዞሮ ዞሮ አያት።

«ዘገያችሁ! ባሕሩ ከዚህ ለቆ ሲሄድ ሰው እንኳ ገና አልተፈጠረም ነበር።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ሽጡልኝ። መጠጥ ቤቴ ደጃፍ አቁሜ አበባ እተክልባታለሁ።»

«ሽጪለት» አለ ክላይቭ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቢያንስ የሚያጠጣት ታገኛለች።»

«ሠሪዋ አበባ አይወድም ነበር» አለች ሙሪየል፤ ገብታም በሩን ዘጋች።

ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ደቡብ የሚወስደውን ቀይ የአፈር መንገድ ያዙ። ኢሙ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች አንገታቸውን አስግገው ከመኪናው ጎን ሮጡ፤ ኋላም ሰልችቷቸው ቀሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ትልቅ ካንጋሮ ከቁጥቋጦ ተስፈንጥሮ ፊት ለፊት ገባ። ክላይቭ ፍሬኑን ረገጠ። ግጭቱ መሪውን ከእጁ ነጠቀው። ሲቆሙ ራዲያተሩ ያፏጫል፤ ውሃው ይወርዳል፤ መሬቱም እግር በእግሩ ይጠጣዋል።

ክላይቭ የተቀደደውን ቱቦ በጉጠት ጨፍልቆ ደፈነው። ጉጠቱን ሊያስቀምጥ ሲያጎነብስ ከጎማው ሥር አንድ ቡናማ እባብ አንገቱን አነሣ። ክላይቭ በአንድ ዝላይ ጀልባዋ ውስጥ ገባ። እባቡ ተጎትቶ ሄደ፤ እሱ ግን እስኪነጋ አልወርድም አለ።

«ወንድሜ ሲለካ ተሳስቷል» አለ፣ ከቀዛፊው መቀመጫ ላይ እየተገላበጠ። «የእግር መርገጫውን ቅርብ አድርጎታል። ጉልበቴ አገጬን ሊመታ ነው። እሱ ደግሞ ከእኔም ይረዝም ነበር።»

ሙሪየል ከመኪናው ውስጥ ሆና ሰማች።

ጠዋት ባክስተር በትልቁ መኪናው መጣ። ሌሊት በዚያ ያለፈ የጭነት መኪና ሹፌር ችግራቸውን ነግሮታል።

«ጎትቼ ልመልሳችሁ። ጀልባዋ ግን እኔ ዘንድ ትቀራለች። ሌላ መኪና ዛሬ በዚህ አያልፍም።»

ክላይቭ ሙሪየልን አያት። ከሚጠጡት ውሃ የቀረው ጥቂት ነው። ሙሉ የሆነው ለጀልባዋ የተያዘው የመጨረሻ ጀሪካን ብቻ ነበር። ሙሪየል ጆንያዎቹን ከሳንቃው ላይ አንድ በአንድ አንሥታ አጣጠፈች። ከዚያ ጀሪካኑን ከፍታ እስከ ጠብታው ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠችው።

«አብደዋል እንዴ?» አለ ባክስተር። «ባሕር ሳይደርሱ ጀልባዋ ወንፊት ትሆናለች!»

«ወንፊት ላይ አበባ አይበቅልም። እንግዲህ መንገዱን ልቀቅልን።»

ቀኑን ሙሉ ነዱ። ነጩ የጨው ሐይቅ ዓይን ያጠፋ ነበር። ከኋላ፣ ከተሳቢው ላይ፣ ሳንቃ ሲሰነጠቅ ይሰማል፤ ቋ! ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቋ! ክላይቭ በየጊዜው ወደ እሷ ዞር ይላል። ሙሪየል ወደ ፊት ብቻ ታያለች። ከዚያ የታጨደ የስንዴ ማሳ መጣ፣ የድንጋይ አጥር መጣ፣ በመጨረሻም ነፋሱ ጨው ጨው ሸተተ።

ስትሪኪ ቤይ ከሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ደርሰው ጀልባዋን ወደ ውሃው አወረዷት። ባሕሩ በየመጋጠሚያው ገባባት። ወደ ባሕሩ ከተዘረጋው የእንጨት ድልድይ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱት ሰዎች መንጠቋቸውን ትተው ተመለከቱ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ክላይቭ ባልዲ ይዞ ሮጠ።

«ተዋት» አለች ሙሪየል።

«እየሰጠመች እኮ ነው!»

«ትስጠም። ገመዷን ብቻ አጥብቀህ እሰር።» ከዳርቻው አሸዋ ላይ ተቀመጠች። «ያደግሁት ከብት እርባታ ውስጥ ነው። የእንጨቱ ገንዳ ከድርቅ በኋላ ሲያፈስ አባቴ አይጠግነውም ነበር። ይሞላውና ይተወዋል። እንጨት ውሃ ሲጠግብ አብጦ ራሱ ይዘጋል።»

«ይቺስ ካልጠገበች?»

ሙሪየል የታጠፈውን ጆንያ አንጥፋ ጋደም አለች።

ሁለት ሌሊት መኪናው ውስጥ አደሩ። ባሕሩ ሲሸሽ የጀልባዋ ጠርዝ ብቅ ይላል፤ ሲመለስ ይሰወራል። ክላይቭ ከአጥማጆቹ ጋር ተላምዶ ዓሣ እየጠበሰ ያመጣላታል፤ እሷም ከዳርቻው ሳትነሣ ትበላለች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃው ሲሸሽ ሁለቱም ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ውስጧ ያለውን ውሃ በባልዲ እየቀዱ ደፉላት። ጀልባዋ ቀስ እያለች ተነሣች፣ ተወዛወዘች፣ ተንሳፈፈች። ሙሪየል የውስጧን ወለል በጨርቅ አደረቀችና መዳፏን በመጋጠሚያዎቹ ላይ አሳረፈች። በመንገዱ ሁሉ ርጥበት ስትፈልግበት የነበረው እጅ ነው። ብዙ ቆየች። ስታነሣው ደረቅ ነበር።

«ግባ» አለችው ክላይቭን።

«መዋኘት አልችልም።»

«እኔም አልችልም።»

ክላይቭ ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። ሙሪየል ከቀዛፊው ቦታ ሆና መቅዘፊያዎቹን ያዘችና እግሮቿን ዘረጋች። ሁለቱም ውስጥ እግሮቿ መርገጫውን እኩል ነኩት፤ ጉልበቷ አልታጠፈም፣ ጫማዋም አልተንጠለጠለም። ክላይቭ መርገጫውን አየ፤ ፊቷን አየ። «ወንድሜ ሲለካ አልተሳሳተም» አለ።

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቀዝፈው» አለች ሙሪየል። «የሚታየውን አንተ ንገረኝ።»

«ውሃ» አለ ክላይቭ።

«ሌላስ?»

«ከውሃው ወዲያም ውሃ።»

«ጥሩ» አለችና እግሯን መርገጫው ላይ አጽንታ ቀዘፈች።