በአባባ አፍ የተሟሹት ስፒከሮች

ይህን የምጽፈው እመኑኝ ብዬ ለመለመን አይደለም። ሆኗል። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጣቴ ነክቼዋለሁ... ጣቴን እስካሁን ደጋግሜ እታጠባለሁ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ ሰው ሁሉ ምሳው ላይ በተቀመጠበት ሰዓት፣ በታላቅ ወንድሜ ሳሎን ውስጥ ነው የሆነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ከታች ፀጉር ቤት አለ፣ የማድረቂያው ድምፅ እስከ ደረጃው ይሰማል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። እኔ ሰው ሲያላምጥ መስማት አልችልም። ይቀፈኛል። ባለቤቴ ሾርባ ሲጠጣ ሬዲዮ እከፍታለሁ። እሱም ለምዶታል፣ ማንኪያውን ሲያነሳ "ክፈቺ እንግዲህ" ይለኛል።

አባባ የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነበር። ድምፁን የሰማ ሰው ሥራውን ትቶ ይቆም ነበር። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ ምላሱም ተሳሰረ። ያያል፣ ይበላል፣ ይጠጣል... አይናገርም። እኔ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ስለምውል ከወንድሜ ጋር ነበር የሚኖረው።

ወንድሜ ደግሞ የድምፅ ዕቃ በሽተኛ ነው። ሌላው ሰው ኳስ ይወዳል፣ መኪና ይወዳል፤ እሱ ስፒከር። ቤት ውስጥ ስንቀልድ "ጆሮ ጠቢው" እንለዋለን። ሸክላ ሲያጫውት ማስነጠስ ክልክል ነው። ስፒከሮቹ የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያደርጋል፤ ስትጠርጉ ትንሽ ከገፋችኋቸው ከውጭ ሲመለስ ገና ከበሩ ያውቅባችኋል።

አባባ ከታመመ በኋላ ወንድሜ መኪናውን ሸጦ ሁለት አዳዲስ ስፒከሮች አስመጣ። ቁመታቸው የሰው ያህላል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ እንጨት።

"ምን ሊያደርጉልህ ነው?" አልኩት።

"ሚጣዬ፣ አባባ የሆነ ነገር ሊለኝ ይፈልጋል" አለኝ። "ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የኛ ጆሮ ነው ያነሰው። እነዚህ ያወጡታል።"

አሳዘነኝ። እኔም ያ ድምፅ ናፍቆኝ ስለነበር አልተቃወምኩትም።

ከዚያ በኋላ ልምጣ ባልኩ ቁጥር "አሁን አትምጪ፣ እየተሟሹ ነው" ይለኝ ጀመር።

ለማታውቁ... አዲስ ድስት እንደሚሟሸው ስፒከርም ይሟሻል። ውድ ስፒከር የገዛ ሰው ውስጡ ያለው ክብ ወረቀት እንዲላላ፣ የወረቀቱ ዙሪያ ጎማ እንዲለሰልስ ብዙ ቀን ድምፅ ሲለቅበት ይሰነብታል። በዚያን ጊዜ የሰማው ድምፅ ባሕርዩ ሆኖ ይቀራል ብለው የሚምሉም አሉ።

በምን እንደሚያሟሻቸው አልጠየቅኩትም። በሙዚቃ ነዋ፣ በምን ይሆናል ብዬ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሕንፃው ሁሉ ሲያወራው የከረመውን ነገር እኔ መጨረሻ ላይ ሰማሁት። የነገሩኝ ከወንድሜ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ጡረተኛ እማማ ናቸው። ሱቄ ድረስ መጥተው ክር የሚገዙ መስለው ቆሙ።

"ልጄ... አባትሽ ይበላሉ?"

"ይበላል እማማ። ምነው?"

"እንዲያው... በግድግዳው በኩል ሰው ሲያላምጥ ይሰማኛል። ጠዋትም፣ ከሰዓትም። ሰው ቀኑን ሙሉ ይበላል?" ክሩን መልሰው አስቀመጡት። "በሩ ሲከፈት ደግሞ ጨረፍ አድርጌ አየኋቸው። አጥንታቸው ነው የቀረው።"

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። አባባን ይዤ ልወጣ ቆርጬ ነበር።

ወንድሜ በካልሲ መጥቶ በሩን በጠባቡ ከፈተልኝ።

"ጫማሽን አውልቂ" አለ በሹክሹክታ። "ቀስ በይ... ምሳ ሰዓታቸው ነው።"

"የእነማን?"

በእግሩ ጣት እየረገጠ ወደ ውስጥ ዞረ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ጠዋት ያልተቦረሸ አፍ እንዴት እንደሚሸት ታውቃላችሁ... ሳሎኑን ሞልቶታል። በአፍንጫዬ መተንፈስ አቅቶኝ በአፌ ልተነፍስ ስል ደግሞ ወደ ውስጥ የምውጠው መሰለኝ።

መጋረጃው ተዘግቷል። ግድግዳው በወፍራም ምንጣፍ ተሸፍኗል። ሶፋው ወጥቷል፣ ጠረጴዛው ወጥቷል። መሃል ላይ አንድ ወንበር ብቻ ነው ያለው።

አባባ ወንበሩ ላይ ነበር። እንዳይንሸራተት ተብሎ ወገቡ በአንሶላ ታስሯል። ጉንጩ ላይ ትንሽዬ ማይክ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ጉንጩ ራሱ ወደ ውስጥ ገብቷል። እጁን ስይዘው ቆዳና አጥንት ሆነብኝ።

ዓይኑ ግን ነቅቷል። አየኝ።

ከዚያ ሰማሁት።

ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ... ከንፈር ሲመጠጥ... ምራቅ በጥርስ መሃል ሲንሸራሸር...

ስልቅጥ።

ከስፒከሮቹ ነው የሚወጣው። በጣም ጥርት ከማለቱ የተነሳ አፉ እዚሁ ጆሮዬ ሥር ያለ መሰለኝ።

"ምላሱን ሰማሽ?" አለ ወንድሜ። ዓይኑ ያበራል። "ምራቁን እንኳ ያወጡታል። የትኛውም ስፒከር እንዲህ አያወጣም።"

"ዝጋው።"

"አባባ እኮ ነው ሚጣዬ።"

አባባን አየሁት። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ምንም አያላምጥም።

"ቀድተኸው ነው?"

"የለም። ቀጥታ ነው።"

"ወንድምዬ... በምንድነው ያሟሸሃቸው?"

ፈገግ አለ።

"በአባባ" አለኝ። "ማይኩን ለጥፌ ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሲተነፍስም ለቀቅኩባቸው። ከእሱ አፍ ሌላ ሰምተው አያውቁም። አሁን ሙዚቃ ብከፍት እንኳ እምቢ ይላሉ።"

ማይኩን ከአባባ ጉንጭ ላይ ላጥኩት።

ማላመጡ አልቆመም።

ገመዱን ከግድግዳው ሶኬት ነቀልኩት። ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር መብራቱ ጠፋ።

ማላመጡ አልቆመም።

"እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር" አለ ወንድሜ በዝግታ። "ይለመዳል።"

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ወደ ግራው ስፒከር ሄድኩ። ክቡ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል፣ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ጣቴን አሳረፍኩበት።

ይሞቃል። እርጥብ ነው። ዙሪያውን ያለው ጎማ እንደ ድድ ለስልሷል።

ጣቴን ሳነሳ ዝልግልግ ክር አብሮ ተጎተተ። ለሃጭ ነው። አፌን በክንዴ ያዝኩ።

ወንድሜ ከኪሱ መሃረብ አውጥቶ ስፒከሩን እየሳሳለት ጠረገው። ከዚያ በዚያው መሃረብ የአባባን አፍ ጠረገ። አባባ ዓይኑን ጨፈነ። ወንድሜን እወደዋለሁ፣ እናታችን ከሞተች ጀምሮ አባቴም እናቴም እሱ ነበር። ያን ጊዜ ግን ተጸየፍኩት፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

ከወጥ ቤት ሳህን ይዞ መጣ። የተፈጨ ካሮትና ድንች። ማንኪያውን ሞልቶ አባባ አፍ ውስጥ ከተተ።

ማንኪያው ባዶውን ወጣ። አባባ አላኘከም። ጉሮሮው አልተንቀሳቀሰም። አፉን ከፈት አድርጌ አየሁ፣ ምላሱ እንደ ደረቀ ነው፣ የካሮት ምልክት እንኳ የለበትም።

ከኋላዬ... ስልቅጥ።

ከቀኙ ስፒከር በታች ካለችው የአየር መውጫ ቀዳዳ ብርቱካንማ ነገር ወደ ምንጣፉ ተንጠባጠበ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ጠረገው።

"አየሽ? ሳህኑን ሙሉ ይጨርሳል።"

"ማን ነው የሚጨርሰው?" አልኩት። "አባባ በረሃብ ሊሞት ነው። አይታይህም?"

"ዝም በይ... ሊናገር ነው።"

ማላመጡ ቆመ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ልጄ..."

የአባባ ድምፅ ነበር። ያ የዜናው ድምፅ፣ ሙሉ፣ የተረጋጋ።

"ልጄ... ራበኝ።"

ወንድሜ ተንበርክኮ አለቀሰ። "ይኸው" ይላል፣ "ይኸው፣ ተናገረ።" እኔም እንባዬ መጣ፣ ናፍቆኝ ነበራ። ሳላውቀው ወደ ስፒከሩ ዘንበል አልኩ።

አንድ እጅ ጆሮዬን ሸፈነው።

አባባ ነው። ያቺን የቀረችውን ደህና እጁን እንደምንም አንስቶ ጆሮዬ ላይ አጥብቆ ጫናት። ዓይኔን እያየ ራሱን ነቀነቀ... አይደለሁም፣ እኔ አይደለሁም ይለኛል።

አንሶላውን ፈታሁት። ወንድሜ አልታገለኝም። እጅጌዬን ብቻ ያዘ።

"አንቺ ከወሰድሽው እነሱ ምን ይበላሉ?"

እነሱ ነው ያለው። አባባ ምን ይበላል አላለም።

አባባን አዝዬ ደረጃውን ወረድኩ። ምንም አልከበደኝም፣ ያ ነው ያስለቀሰኝ።

እቤት እንደደረስን ውሃ በማንኪያ አፉ ውስጥ አደረግኩለት። ባለቤቴና እኔ ጉሮሮውን እያየን ቆምን። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ። ዋጠ። ሌላ ጨመርኩለት፣ እሱንም ዋጠ። የሰው መዋጥ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። በሳምንቱ ፊቱ ላይ ወዝ ታየ፣ እኛም ተረፈ ብለን እፎይ አልን።

ወንድሜ ግን ስልክ መደወሉን አልተወም።

"መልሺው ሚጣዬ። ምንም አልቀመሱም። ድምፃቸው ተቀይሯል... ይነጫነጫሉ።"

"ና እኛ ዘንድ እደር። ቤቱን ዘግተህ ና።"

"እነሱንስ ለማን ትቼ?"

ደሜ ፈላ። "እንግዲያው አንተው ተቀመጥላቸው" ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ አልደወለም። ስደውልለትም አያነሳም። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ፣ ጎረቤቱ እማማ ናቸው።

"ልጄ፣ ማላመጡ ቀርቶ ነበር። ዛሬ እንደገና ጀመረ" አሉኝ። "ግን የዛሬው ለስላሳ ነገር አይደለም... ይቆረጥማል።"

ከባለቤቴ ጋር በረርን። የሕንፃው ጠባቂ በመጠባበቂያ ቁልፍ ከፈተልን። ያ ሽታ ደረጃው ድረስ ወጥቶ ጠበቀን። ጠባቂው አፍንጫውን በኮቱ ይዞ "ምንድነው የሞተው?" አለ።

ሳሎኑ ውስጥ ማንም የለም። ወንበሩ ባዶ ነው። አንሶላው ከወንበሩ እግር ሥር ወድቋል፣ እንደታሰረ ነው፣ ቋጠሮው አልተፈታም። ማይኩም እዚያው ነው። አነሳሁት። ፕላስተሩ ላይ ጥቁር የጢም ፀጉር ተጣብቋል።

የአባባ ጢም ነጭ ነው።

ስፒከሮቹ ምልክታቸው ላይ አልነበሩም። ክፍሉ መሃል ፊት ለፊት ዞረው፣ ግጥም ብለው ተጣብቀዋል። በመሃላቸው ወረቀት አያስገባም። ከዚያ ውስጥ ይሰማል... ቀጭ... ቀጭ... ረጋ ብሎ፣ ሳይቸኩል።

ገመዱ እኔ እንደነቀልኩት መሬት ላይ ተኝቷል።

"ወንድምዬ?" አልኩ።

ማላመጡ ቆመ። አፉ ሙሉ ሆኖ የተጠራ ሰው እንደሚያደርገው ዝም አለ።

ጠባቂው ክንዴን ያዘኝ። "ሰምቶናል" አለ በሹክሹክታ።

ከዚያ ዋጠ። ረጅም ነበር፣ እየተጎተተ የሚወርድ።

ማንም ሳይነካቸው ሁለቱ ስፒከሮች ቀስ ብለው ተላቀቁ። ከአንዱ ወደ ሌላው ወፍራም የለሃጭ ክር ተዘረጋ። ክሩ መሃል ላይ አንድ ጥርስ፣ ከነሥሩ፣ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር።