በሩ ላይ የቀረው ሰው

ኩራዙን ዝቅ አድርጉት፣ ጋዙ እስኪነጋ ይድረስልን። ቀረብ ቀረብ በሉ እንጂ፣ ምን ዳር ዳሩን ትላላችሁ? ሬሳ አይነክስም። እናቴ ናት፤ በሕይወቷም ዝንብ ነክታ አታውቅም። ጓዳ ተኝታ ትስማን።

ፈንታሁን፣ ቅድም ሰምቼሃለሁ። «አስፋልት እያለ አሮጊቷን በተራራ ተሸክመን የምንሰቃየው ለምንድን ነው?» ስትል ነበር። አላልክም?

«ኧረ ጋሼ ተሻገር፣ እኔ እንኳ ለቀልድ ነው...»

ብለሃል! አልተቀየምኩህም። ተናዝዛ ነው። «ቀብሬ ማዶ ከአባትህ ጎን ይሁን፤ በመኪና ግን እንዳትወስዱኝ፤ በእግር፣ በበሩ አሳልፉኝ» ብላ ነው ያረፈችው። ለምን እንዳለች ልንገራችሁ። ይህን ማታ ማውራት ደግ አይደለም፤ ግን ነገ ጧት ጊዜ የለንም።

በሩን ታውቁታላችሁ። ገደሉ ለሁለት የተከፈለበት፣ የድንጋይ ክምር ያለበት። እናንተ ክምሩ ላይ ወጥታችሁ በስልክ ፎቶ ትነሳላችሁ። ስትነሱ አይቻለሁ! ያ ክምር ምን ይመስላችኋል? ሰው ነው። ድሮ ጨው ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ረሃብ የሚሸሸውም በእግሩ በዚያ ነበር የሚያልፈው። ብርድ የጣለውን እዚያው ድንጋይ አልብሰውት ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚያልፍ ሁሉ ከታች ከወንዙ አንድ ድንጋይ ያነሳል፣ ዳገቱን ይዞት ይወጣል፣ ክምሩ ላይ ያኖራል። አንድ ሰው፣ አንድ ድንጋይ። አያቶቻችን ተራራውን ይፈሩት ነበር፤ ስለሚፈሩትም ያከብሩት ነበር። ኋላ የመኪና መንገድ መጣ፤ ተራራውን ዞሮ ሄደ፣ ሰውም ጀርባውን ሰጠው። የእግር መንገዱን ሳር በላው። ድንጋይ የሚያነሳም ጠፋ።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ነበር። ዘገየ ይባላል። ነሐሴ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ነው። ሚስቱን ምጥ ይዟታል። ሁለት ቀን ሙሉ! ልጁ አልወጣ አለ። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው፤ የመኪናውን መንገድ ደግሞ ናዳ ዘግቶታል። ምን ያድርግ? ቁጭ ብሎ ስትሞት ይያት? ቃሬዛ አሰረ። ሦስት ጎረቤቶቹን ጠራ፤ ውቤን፣ አድማስን፣ ጥላዬን። በአሮጌው መንገድ ወጡ።

ወንዙ ላይ ሲደርሱ ውቤ፣ «ድንጋይ እናንሳ እንጂ» አለ።

«ሚስቴ እየሞተች ድንጋይ ልልቀም? ተወኝ በማርያም!» አለ ዘገየ።

ባዶ እጃቸውን ወጡ። አራት ሰው፣ አንድም ድንጋይ የለ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ጥላዬን አዳለጠው፣ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ዋሻ ነገር ሥር አስቀምጠውት ሄዱ። አሁን ውቤና አድማስ ከፊት ናቸው፣ ዘገየ ብቻውን ከኋላ። ሁለቱንም እንጨት በሁለት ትከሻው ተሸክሟል። ዳገት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ዝናብ ነው። ሚስቱ ማቃሰቷን ትታለች። ምጥ የያዛት ሴት ማቃሰት ስትተው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?

በሩ ጋ ሲቃረቡ ከኋላው ሰማ። ጧ። ጧ። ጧ። በትር ድንጋይ ሲነካ።

«ጥላዬ፣ አንተ ነህ?» አለ።

መልስ የለም። ጥላዬ በተሰበረ እግሩ እንዴት ይመጣል? ጧ። ጧ። ቀረበ። ትንሽ ቆይቶ ማጅራቱ ላይ ትንፋሽ ተሰማው። የሰው ትንፋሽ ይሞቃል አይደል? ይሄ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እጅ መጣና እንጨቱን ያዘ። መብረቅ ሲበርቅ ዘገየ እጁን አየው። ጥፍሮቹ ሥር አፈር ሞልቷል።

«ልተካህ» አለው።

የቃሬዛን ሕግ ታውቃላችሁ። የሚተካህ ሰው በትሩንና ጋቢውን ያስይዝሃል፣ ሸክምህን ይቀበልሃል። በዚያ ተራራ ግን ፊቱን ላላየኸው ሰው ትከሻህን አትሰጥም! የሞተ ሰው የያዘውን ከተቀበልክ፣ በእሱ ፋንታ እዚያ የምትቀረው አንተ ነህ። ዘገየ ይህን አያቱ ነግረውታል። ያውቃል። ግን አንድ እርምጃ ቢጨምር ቃሬዛው ሊወድቅ ነው።

«ድንጋዬን ብታመጣልኝ ኖሮ አልነሳም ነበር» አለው ያ ነገር።

«ታደርሳታለህ?» አለ ዘገየ።

«አደርሳታለሁ። እኔን ያደረሰኝ አልነበረም።»

ሰጠው። በትሩን ተቀበለ። ጋቢውን ተቀበለ።

ከፊት ያሉት ድንገት ሸክሙ ቀለላቸው። «በርታ ዘገየ!» እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ አሳረፏትና ዞር አሉ። ማን አለ? ማንም! እንጨቱ ላይ አፈር የነካ እጅ ምልክት ብቻ። ሲነጋ ተመልሰው ዘገየን አገኙት። ክምሩ ላይ ተቀምጧል፣ የማያውቁት ጋቢ ለብሷል፣ በድን ነው። በትሩን ከእጁ ማላቀቅ አቃታቸው። ከነበትሩ ማዶ ቀበሩት። ሥጋውን ቀበሩት እንጂ፣ እሱስ በሩ ላይ ቀረ።

ሴትየዋስ? ወለደች። እንጉዳይ ናት፣ ይቺ ጓዳ ያለችው። ልጁንም ተሻገር አለችው። አዎ፣ እኔ ነኝ።

ጎረምሳ ሳለሁ አንድ ማታ ብቻዬን በበሩ አለፍኩ። ከክምሩ ኋላ አንድ ድምፅ፣ «ደረሰች?» አለኝ። ሮጥኩ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፤ ምክንያቱን አልነገረችኝም። እሷም ማዶ ስትሄድ በመኪና ነበር የምትዞረው፤ ያንን ድምፅ መስማት ፈርታ። ከቃሬዛው ላይ ሆና ሁሉን ሰምታ ነበር። የነገረችኝ ባለፈው ሳምንት ነው። አርባ ሰባት ዓመት ሆዷ ውስጥ ይዛው! አባቴ አንዲት ቃል ጠየቀኝ፣ እኔ ሮጥኩ። ይቆጨኛል፣ እስክሞት ይቆጨኛል።

ስለዚህ ነገ ሁላችሁም ከወንዙ ድንጋይ ታነሳላችሁ። ፈንታሁን፣ አንተ ትልቁን! ማንም ብቻውን ወደ ኋላ አይቅር። «ደረሰች?» ብሎ ቢጠይቅ አትመልሱ፣ አትሩጡም። እሷ ራሷ ትመልስለት።

ከኋላ መጥቶ «ልተካህ» የሚል ካለ ግን ማንም ትከሻውን እንዳይሰጥ። እኔን ጥሩኝ። የቀረውን መንገድ እሷን ማድረስ የአባቴ ነው። በትሩን እኔ እቀበለዋለሁ።

ምን ያስለቅስሃል ፈንታሁን? ኩራዙን ከፍ አድርገው።