የቆልሜ ጅራት የታለ?

ያኔት ድመት አለቻት። ስሟ ቆልሜ ነው።

ቆልሜ ግራጫ ናት። ጅራቷ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ታጥፏል።

«ምነው፣ በር ተዘግቶባት ነው?» ይላሉ ሰዎች።

«አይደለም» ትላለች ያኔት። «ስትወለድም እንዲህ ናት።»

ቆልሜን ያመጣቻት እማዬ ናት። በዘንቢል ይዛት መጣች፤ ስሟንም አወጣችላት።

እማዬ አምና ክረምት ሞተች። ቆልሜ ግን አለች።

አባዬ ወፍጮ ቤት አለው። ወፍጮው ሲሠራ ዱግ ዱግ ዱግ ይላል።

እህል ባለበት አይጥ አለ። አይጥ ባለበት ድመት አለ። ስለዚህ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ወፍጮ ቤት ይውላል።

ዛሬ ዝናብ ነው። ዛሬ ብርድ ነው።

ዱግ ዱግ ዱግ... ዱግ... ዱ...

ጭጭ።

መብራት ጠፋ።

በቆሎ ያመጡ ሴቶች በረንዳው ላይ ተጠግተው ቆሙ።

«መብራት መጣ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ከሁሉም ፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ገና ነው» አለ አባዬ።

አባዬ ማብሪያውን አላጠፋውም። በዚህ ከተማ ወፍጮ ቤቶች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ። መብራት ሲመጣ ወፍጮው ራሱ ይነሣል፤ ያኔ ሁሉም ሰው መብራት መምጣቱን ያውቃል።

ያኔት ለቆልሜ ወተት ቀዳች።

«ውሮ፣ ውሮ፣ ውሮ።»

ቆልሜ አልመጣችም።

«ውሮ፣ ውሮ፣ ውሮ።»

አሁንም አልመጣችም።

«ቆልሜ ጠፋች» አለች ያኔት።

«ድመት አይጠፋም፤ ይደበቃል» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ሞቅ ያለ ቦታ ፈልጊ። በዚህ ብርድ ሌላ የት ትሄዳለች?»

ያኔት ወደ ውስጥ ገባች። ውስጡ ጨለም ብሏል።

በሁለት ጆንያ መካከል ጅራት አየች።

ረጅም ነው። ቀጭን ነው። እንደ ገመድ መሬት ላይ ተዘርግቷል።

ጫፉ ታጥፏል? አልታጠፈም።

ይሄ የቆልሜ አይደለም።

«መብራት መጣ?» አለ አንድ ሰው ከውጭ።

«ገና ነው።»

ከበሩ ጀርባ ጅራት አየች።

ወፍራም ነው። ጸጉሩ ብዙ ነው። የዝንብ ማባረሪያ ጭራ ይመስላል።

ጫፉ ታጥፏል? አልታጠፈም።

ይሄ የቆልሜ አይደለም።

«መብራት መጣ?»

«ገና ነው።»

አግዳሚ ወንበሩ ሥር ጎንበስ አለች። እዚያ አንድ ቀይ ድመት ጀርባውን ሰጥቷት ተቀምጧል።

ጅራቱ የታለ? የያኔትን አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ብቻ ናት። ቁራጯ ቶሎ ቶሎ ትንቀሳቀሳለች።

«ያንተም ያምራል» አለችው ያኔት። «ግን የቆልሜ አይደለም።»

ሚዛኑ ላይ አንዲት ጥቁር ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። ጅራቷን አፍንጫዋ ላይ ጣል አድርጋለች።

ያኔት ጠበቀች። ድመቷ ጅራቷን ዘረጋችው። ቀጥ ያለ ነው።

የቆልሜ አይደለም።

ያኔት ዙሪያውን አየች።

ሞቅ ያለ ቦታ። ሞቅ ያለ ቦታ የት ነው?

ሞተሩ።

ሞተሩ ጠዋት ሙሉ ሲሠራ ነበር። አሁንም አልቀዘቀዘም።

ከሞተሩ ፊት መሬቱ ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል። ከቢጫው መስመር ወዲያ ልጅ አያልፍም።

ያኔት መስመሩ ላይ ቆመች። ተንበርክካ አየች።

ሞተሩን ከወፍጮው ጋር የሚያያይዝ ሰፊ ጎማ አለ። ቺንጋ ይባላል። ሞተሩ ሲነሣ ቺንጋው ይሮጣል፤ በጣም ይሮጣል።

ከቺንጋው ሥር ጅራት ወጥቷል።

ግራጫ ነው።

ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጥፏል።

«ቆልሜ» አለች ያኔት በቀስታ። «ነይ።»

ቆልሜ ተኝታለች። ጅራቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ያኔት እጇን ዘረጋች። ቅርብ ነው። ትንሽ ብትጠጋ ትይዛታለች።

«መብራት መጣ?» አለ አንድ ሰው ከውጭ።

ያኔት እጇን መለሰች።

ተነሣች። ሮጠች።

በሩ በሰው ተሞልቷል። ቀሚስ፣ ጆንያ፣ ጃንጥላ።

«አባዬ!»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ጧ ጧ ጧ ጧ። አባዬ አልሰማም። የእትዬ ጥሩወርቅን በቆሎ በትከሻው ተሸክሟል።

ያኔት በሰዎቹ እግር መካከል አለፈች። የአባዬን ሱሪ ያዘች። ጎተተች።

«ቆይ፣ ያኔት፤ ከባድ ነገር ይዣለሁ።»

«አባዬ፣ ማብሪያውን አጥፋ! ቆልሜ ቺንጋው ሥር ናት!»

አባዬ ጆንያውን ለቀቀው።

ሸርርርር። በቆሎው በረንዳው ላይ ፈሰሰ።

አባዬ ሮጠ። አግዳሚውን ዘለለ። እጁ ማብሪያው ላይ ደረሰ።

ቋ!

አጠፋው።

ወዲያው ጣሪያው ላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ።

መብራት መጣ።

ወፍጮው አልተነሣም። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

አባዬ ተንበረከከ። እጁን ከቺንጋው ሥር አስገባ። ቆልሜን ቀስ አድርጎ አወጣት።

ቆልሜ አፏን ከፍታ አዛጋች።

«ሚያው» አለች። ለምን እንደቀሰቀሷት አልገባትም።

አባዬ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቆልሜን በአንድ እጁ፣ ያኔትን በአንድ እጁ ያዘ።



«ልትይዣት ነበር?» አላት።

«ልይዛት ነበር። ተውኩት።»

«ጎበዝ» አለ አባዬ። አልለቀቃቸውም።

«ደምሰው፣ መብራት እኮ መጣ» አለችው አባዬን አንዲት ሴት ከበሩ። «ምን ትጠብቃለህ?»

«ተይው» አሏት እትዬ ጥሩወርቅ። «ዱቄቱ ይደርሳል። ይልቅ ነይ፣ በቆሎዬን ልቀሚልኝ። አንቺ ወገብሽ ገና ደህና ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጎንበስ ጎንበስ ብለው በቆሎውን ለቀሙ።

ከጆንያዎቹ መካከል ባለ ረጅሙ ጅራት ወጣ። ከበሩ ጀርባ ባለ ጎፈሬው ወጣ። ባለ ቁራጩም ከአግዳሚው ሥር ወጣ፤ በቆሎውን አሸተተና ፊቱን አዞረ።

አባዬ ተነሣ። ሞተሩን ከፊት አየ፣ ከኋላ አየ። ቺንጋውን ከላይ አየ፣ ከሥር አየ።

«አለ?» አላት ያኔትን።

ያኔት ቆልሜን አቅፋ ከቢጫው መስመር ወዲህ ቆማለች። እሷም ጎንበስ ብላ አየች።

«ምንም ጅራት የለም» አለች። «አሁን አብራው።»

ቋ! ዱግ ዱግ ዱግ ዱግ።

ማታ ዝናቡ አባርቷል። ያኔት አልጋዋ ላይ ናት። ቆልሜ ደረቷ ላይ ተኝታለች። ኩርርርር ትላለች።

«አባዬ።»

«አቤት።»

«ቆልሜም እንደ እማዬ ትሄዳለች?»

አባዬ የቆልሜን ጀርባ ዳበሰ።

«አንድ ቀን ትሄዳለች» አለ። «ዛሬ ግን እዚህ ናት።»

«አንተስ?»

«እኔም እዚህ ነኝ።»

ያኔት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችለት። አባዬ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አጠገባቸው ጋደም አለ።

ኩርርርር።

ኩርርር።

ኩር።