የኑርዬ ካሜራ ዋጋ

ሱረያ ሱሩርን የጠላችው ገና ስሙን ሳታውቅ ነው። ጦርነቱ ከሐይቅ ከተማ ከወጣ ወር ሳይሞላው ሰውዬው ከደሴ መጣና አስፋልቱ ዳር ኮንቴነር ከፈተ፤ ስልክ ይጠግናል፣ አሮጌ ዕቃም ይገዛል። ከተማው ተዘርፎ ባዶውን በቀረበት ሰሞን አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ምን ዓይነት ሰው ነው? በደጁ ባለፈች ቁጥር «ቆራሌ!» ትላለች፣ ሆን ብላ እንዲሰማ።

የአባቷ የኑርዬ ፎቶ ቤት እስከ መጋረጃው ተዘርፏል። እሳቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የተረፈው፣ እሷ ጭድ ውስጥ የደበቀችው የፊልም ካሜራቸው ብቻ ነው። ፎቶ ቤቱን መልሳ ካልከፈተች እንቅልፍ የላትም፤ ለዚያ ደግሞ አዲስ ካሜራ ያስፈልጋታል። አንድ ጠዋት፣ እየመረራት፣ ቆራሌው ዘንድ ሄደች።

ሱሩር ካሜራውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዞ አየ፣ ቁጥሩን ጻፈ። እጁ እንዲህ ይጠነቀቃል ብላ አልጠበቀችም፤ ይህም አናደዳት።

«ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል» አለ። «አሮጌ ካሜራ ገዝተው መስታወት ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ሠላሳ ሺህ ብር ያወጣል። ግን...»

«ግን ምን?»

«ሥሩ ላይ ‹ኑርዬ› ተብሎ ተጭሯል። ስም የተጫረበትን በግማሽ ዋጋ ነው የሚወስዱት።»

«የአባቴ ስም ነው ዋጋ የሚያሳንሰው?»

«እኔ አላልኩም፤ ገዢዎቹ ናቸው።»

«ወላሂ፣ ሌባ ነህ!»

ካሜራውን ነጥቃ ወጣች። «ሁለት ቀን ስጪኝ፣ ላናግራቸው!» ብሎ ከኋላዋ ጮኸ። አልዞረችም።

ሁለቱን ቀን ከራሷ ጋር ስትጣላ ከረመች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ድስት የሚፈትጉበትን አመድና ሎሚ አቀረበችና ስሙን ፈተገችው። ፊደሎቹ አልለቅ ሲሏት አሸዋ ጨመረችበት። «አባዬ፣ አፉ በለኝ» እያለች አለቀሰች፤ እጇ ግን አላቆመም።

ይዛለት ሄደች። ሱሩር ካሜራውን ገልብጦ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ነሐሱ ወጥቷል።

«ምን ነካሽ? ማን ፋቂ አለሽ?»

«አንተ! ዋጋ ይቀንሳል አላልክም?»

«የተጫረ ይቀንሳል። የተፋቀ ግን ጨርሶ አይሸጥም!»

ስልኩን ገፋላት። የአንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ መልእክት ነበር፦ «ስሙን እንዳትነኩት። ፎቶ አንሺው እንዲህ የታወቀ ከሆነ ሙሉውን እከፍላለሁ።» ከመልእክቱ በላይ ሱሩር የላከለት ፎቶ አለ፤ አንዲት ሴት ያኮረፈ ልጅ አቅፋለች። ቀጥሎ የፎቶው ጀርባ፣ «ኑርዬ ፎቶ ቤት፣ ሐይቅ» ከሚል ማኅተም ጋር።

«ማን ናት?»

«እናቴ ናት፣ አላህ ይርሐማትና። ያለኝ ፎቶዋ ይኸው ብቻ ነው። አባትሽ ማን እንደነበሩ ለሰውዬው ላስረዳ ሁለት ቀን ሙሉ ስነዘንዘው ከረምኩ።»

ስትሰድበው የከረመችው ሰው ለአባቷ ስም ሲከራከር ከርሟል፤ እሷ ደግሞ ስሙን በአመድ ፈተገችው። አፈረች፤ ማፈሯ መልሶ አናደዳት። ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነበር። እሱም አልሸሸ፣ እሷም አልሸሸች።

ሱሩር ስልክ የሚከፍትበትን ሹል ብረት አነሳ። «አባትሽ ‹ዬ›ን እንዴት ነበር የሚጽፏት?»

«እጅህ አያውቀውም፤ አምጣ!»

ነጥቃ ነሐሱ ላይ ጫረችው፦ ኑርዬ። እሱ ካሜራው እንዳይንሸራተት ያዘላት።

«አሁን ስንት ያወጣል?»

«ለሰብሳቢ? ምንም።»

«ለቆራሌስ?»

ሱሩር ሹሉን ብረት ከእጇ ተቀብሎ አስቀመጠ። አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እያጮኸ በደጁ አለፈ።

«ቆራሌውማ» አለ፣ «ከወደድሽ፣ እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል።»

ሱረያ ካሜራውን ከእጁ አላቀቀችና በሩ ላይ ደርሳ ዞረች። ድምፅዋ እንደወትሮው ቁጡ ነበር።

«ለኒካሁ የምትሰጠኝ መህር አዲስ ካሜራ ነው። ዋጋውን አጣርተህ ሽማግሌዎቹን ላካቸው!»